«እርስዎ ይቅደሙ» የተባባሉ ማሽኖች

ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ የሚያፍርበት አንድ ዕቃ አያጣም። አንዱ ለቦርጩ ብሎ ገዝቶ ልብስ የሚያሰጣበት የመሮጫ ማሽን አለው፤ ሌላው ያርድ ሴል ከሚሉት የደጃፍ አሮጌ ዕቃ ሽያጭ ተሸክሞ ያመጣው፣ ለምን እንደሚያገለግል እስከ ዛሬ ያልገባው ብረት አለው። የእኔ ዲጂታል የቴፕ መቅጃ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሯል። በላዩ የበረዶ ጫማ፣ ከጫማው አጠገብ የሽሮ ባልዲ ተቀምጦበት ወግ ያለው መደርደሪያ ሆኖ ነበር። ባለቤቴ «ይሄ ነገር የሚጣለው መቼ ነው?» ባለችኝ ቁጥር «ኧረ ዲጂታል እኮ ነው!» እላታለሁ። «ቆሻሻም ዲጂታል አለው?» ትለኛለች።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ የምታውቁትም ለአንድ አፍታ እንዳላወቀ ሁኑልኝ። ይህ ማሽን የቪዲዮ ካሴት የሚያህል ቴፕ ይጎርስና ስምንት ድምፅ ለየብቻ ይቀዳል። ስምንቱ ካልበቃህ ሌላ ማሽን ታመጣና ሁለቱን በገመድ ታያይዛለህ። ያን ጊዜ አንደኛው መሪ፣ ሌላኛው ተከታይ ይሆናል። ተከታዩን የምታደርገው ሜኑው ውስጥ ገብተህ «ኤክስተርናል ኮንትሮል» የሚለውን ኦን በማለት ነው። ከዚያ በኋላ የራሱን ፕሌይ ብትጫነው አይሰማህም፤ ከመሪው ትእዛዝ እስኪመጣለት «ኢ ኤክስ ቲ» የምትል መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገ ይጠብቃል። ይህችን ያዙልኝ። መከራዬ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ድሮ ትንሽ ባንድ ነበረን። ጋሽ ተሰማ ሳክስፎን ይነፋሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ይዘፍናሉ፣ እኔ ኪቦርድ እመታለሁ። (ዛሬ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምነዳው፤ ጩኸቱ ያው ነው፣ ጭብጨባው ብቻ ቀረ።) አንድ የሰርግ ዘፈን በሁለት ማሽን ቀዳን። ሙዚቃው በአንዱ ቴፕ፣ የእትዬ ብርቄ ድምፅ በሌላው። ነገር ግን ሁለቱ ቴፖች ተቀላቅለው አንድ ዘፈን ሳይሆኑ ባልና ሚስቱ ተጣሉ። የተጣሉት በሦስተኛው ስንኝ መግቢያ ነው። ጋሽ ተሰማ «ብርቄ ቦታዋን ሳትጠብቅ ቀድማ ገባች» አሉ። እትዬ ብርቄ «ተሰማ ነው በሳክስፎኑ ቀድሞ አፌን የዘጋኝ» አሉ። ተኳርፈው ዘፈኑም ባንዱም በዚያው ቀረ። ትዳሩ ግን ቀጠለ፤ ክርክሩም አብሮት ቀጠለ።

ዕቃ ስንካፈል ደግሞ «አንተ ውሰድ»፣ «ኧረ እርስዎ ይውሰዱ» ስንባባል፣ እሳቸው የእኔ ኪቦርድ ያለበትን ቴፕ ከነማሽኑ፣ እኔ የሚስታቸው ድምፅ ያለበትን ቴፕ ከነማሽኑ ይዘን ተለያየን። የሰው ሚስት ድምፅ ያን ሁሉ ዘመን ቤዝመንቴ ውስጥ መኖሩን ባለቤቴ አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ከዚያ እትዬ ብርቄ እንቅርታቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ። ጤናቸው ተመለሰ፣ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ሻካራ ሆኖ ቀረ። ልጃቸው ሳሮን ያኔ ገና ጡት አልጣለችም ነበር።

ታዲያ በቀደም ሳሮን ደወለችልኝ። ልታገባ ነው።

«አንክል፣ ማሚ ሲንገር እንደነበረች ታውቃለህ? ዳዲ ነው አሁን የነገረኝ። ማን ቀድሞ ገባ እያሉ ሲጨቃጨቁ ስለ በር ይመስለኝ ነበር። ኦል ማይ ላይፍ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም። ሰርጌ ላይ አዳራሹ ስገባ በእሷ ድምፅ ነው መግባት የምፈልገው። ቴፑ አንተ ጋ ነው አለኝ። ፕሊስ!»

«አለቀ!» አልኳት። «አለቀ» ማለት እኛ ሐበሾች ሥራ ሳንጀምር የምንናገራት ቃል ናት።

ሽሮውን አውርጄ፣ ጫማውን አንስቼ፣ አቧራውን ጠርጌ ማሽኑን ሰካሁት። በራ! ቤዝመንቱ ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። ወዲያው ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ለሚኖሩት ለጋሽ ተሰማ ደወልኩ። የእሳቸውም በርቷል። ደስታችን ወሰን አጣ።

«አሁን ጋሼ፣ ማሽኔን ተሸክሜ እርስዎ ጋ ከመምጣቴ በፊት ሜኑ ውስጥ ይግቡና ኤክስተርናል ኮንትሮል የሚለውን ይፈልጉልኝ።»

«በአማርኛ ምን ማለት ነው?»

«እ... የውጭ ቁጥጥር።»

ጋሽ ተሰማ ከስድሳ ስድስቱ ለውጥ በኋላ አገር ጥለው የወጡ፣ ጋዜጣ እንኳ በእስክሪብቶ እያሰመሩ የሚያነቡ ሰው ናቸው።

«ስማ አንተ ልጅ!» አሉኝ። (ሽበቴን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ።) «እኔ በወጣትነቴ የውጭ ቁጥጥር ይውደም ብዬ አደባባይ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ጣቴ፣ የውጭ ቁጥጥርን ኦን ላድርግ?»

«የለም የለም፣ እርስዎ ኦፍ ያድርጉት። የእርስዎ መሪ ይሁን። የእኔ ተከታይ ይሆናል።»

«አንተ እስከዚህ ድረስ ተሸክመህ መጥተህ እንዴት ተከታይ ትሆናለህ? ነውር ነው።»

«እኔ ልሙት፣ ጋሼ! በእርስዎ ማሽን ላይ የእኔ ማሽን ጌታ ሊሆን ነው እንዴ?»

«እሺ፣ እሺ፣ እንዳልክ።»

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነበረብኝ። የእኛ ሰው «እንዳልክ» ካለ እንደራሱ ሊያደርግ ነው። እኔ ግን አምኜ የእኔን ማሽን ተከታይ አደረግኩት። ፕሌይን ብጫነው ንቅንቅ አላለም፤ መብራቷ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የማይል ጨዋ ማሽን ነው ብዬ ኮራሁበት።

ጉዞው ራሱን የቻለ ትያትር ነበር። ማሽኑን ከጎኔ ወንበር ላይ ባስቀምጠው መኪናዬ ሰው መሰላትና ቀበቶ ይሰር ብላ መጮህ ጀመረች። ቤልትዌይ በሚሉት ከተማውን በሚዞር አውራ ጎዳና ላይ በዚያ ጩኸት ከመኪና ሰልፍ ጋር ትንሽ ስፈቀቅ ቆይቼ፣ ጠርዝ ይዤ ቆምኩና የማሽኑን ቀበቶ አሰርኩለት። ዝም አለች። ድልድዩን ስንሻገር ቀና ብሎ የፖቶማክን ወንዝ የሚያይ መሰለኝና «ውሃው ያ ነው» አልኩት። ሰው ብቻውን ሲነዳ ብዙ ይናገራል።

ጋሽ ተሰማ ፎቁ ሥር ድረስ ወርደው ጠበቁኝ። ከላይ ሙሉ ኮት፣ ከታች ነጠላ ጫማ አድርገዋል። የሕንጻውን ጋሪ አምጥተን ማሽኑን ጫንንበትና ወደ ኤሌቬተሩ ገፋነው። በሩ ተከፈተ። ጋሪውን አስቀደምን። ከዚያ እኔ ቆምኩ፤ እሳቸውም ቆሙ።

«ይቅደሙ ጋሼ።»

«እንግዳ ነው የሚቀድመው።»

«ኧረ በሞቴ!»

«እኔ ልሙትልህ፣ ግባ!»

ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ ይገፉኛል፤ እኔም ክንዳቸውን ይዤ እገፋቸዋለሁ። የአሜሪካን ኤሌቬተር የሐበሻን ጨዋነት አይጠብቅም። በሩ ክርችም አለና ማሽኑ ብቻውን ወደ ላይ ወጣ።

ቁጥሮቹ እየበሩ ሲሄዱ አንጋጠን እናያለን። እኔ የታየኝ ማሽኑ አልነበረም፤ በሆዱ ያለው ካሴት ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። እሱ ከጠፋ ሳሮን የእናቷን ድምፅ ሳትሰማ ልትዳር ነው። ሁለተኛው ኤሌቬተር መጣ። እመኑኝ፣ እዚያም በር ላይ «ይቅደሙ» አልኩ። ልማድ ክፉ ነው! ይህን ጊዜ ግን ጋሽ ተሰማ «ተወው እባክህ!» ብለው ጎትተው አስገቡኝ።

በየፎቁ እየቆምን አንገታችንን ብቅ እያደረግን ፈለግነው። አንዱ ፎቅ ላይ ጋሪው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። አንዲት ውሻ የያዘች ሴትዮ ማሽኑን ጎንበስ ብላ ታገላብጠዋለች። እዚህ አገር ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ኮሪደር ላይ እንደሚተው ታውቃላችሁ።

«ኢዝ ዚስ ፍሪ?» አለችን፣ በነጻ የሚወሰድ መስሏት ዓይኗ እያበራ።

«ኖ! ዛት ኢዝ ማይ ዋይፍ!» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ሴትዮዋ ማሽኑን አየች፣ ጋሽ ተሰማን አየች፣ ውሻዋን አቅፋ ቤቷ ገባች። ስትቆልፍ ሰማናት።

ሳሎን ገብተን ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። እትዬ ብርቄ ጓዳ ጋደም ብለዋል፤ «ቀስቅሰን አንረብሻትም፣ ሲሳካ ትሰማዋለች» አሉ ጋሽ ተሰማ። ገመዱን አያያዝኩ። አንድ ነገር አስጠነቀቅኳቸው፤ ቴፑ አርጅቷል፣ ስንት ጊዜ መሽከርከር እንደሚችል አይታወቅም፣ በትንሽ በትልቁ ማጫወት የለብንም። ጋሽ ተሰማ አማተቡ። ማን ይጫን በሚለውም ትንሽ ተከራከርንና እሳቸው የማሽናቸውን ፕሌይ ተጫኑ።

ምንም!

ጎንበስ ብዬ ሳይ በሁለቱም ማሽኖች ላይ «ኢ ኤክስ ቲ» ብልጭ ድርግም ትላለች። ለካ ጋሽ ተሰማ «እንዳልክ» ብለውኝ ስልኩን ከዘጉ በኋላ፣ ከሜሪላንድ ድረስ የሚመጣ እንግዳን ተከታይ ማድረጉ ከንክኗቸው የእሳቸውንም ተከታይ አድርገውታል። ለእኔ ሲሉ ያን ሁሉ የወጣትነት መፈክር ዋጥ አድርገው የውጭ ቁጥጥርን ተቀብለዋል! አሁን ሁለቱ ማሽኖች በር ላይ እንደቆሙ ሁለት ሐበሾች «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «የለም እርስዎ ይቅደሙ» ይባባላሉ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። እኛ ሁለት ባላ ተክለን አንዱ በሌላው ላይ ተንጠለጠለ።

ስህተታቸውን በፊታቸው መናገር ደግሞ አይሆንም። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በቤታቸው ነው ያለሁት፣ ሻይ ሊያፈሉልኝ ተነስተዋል። ስለዚህ እሳቸው ኩሽና ሲገቡ ቶሎ ብዬ የእኔን ማሽን መሪ አደረግኩት። በልቤ ይቅርታ እየጠየቅኩ እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ለካ ጋሽ ተሰማም የገመቱትን ገምተው፣ እኔን ላለማሳፈር ብለው፣ እጄን እስክታጠብ የእሳቸውን ማሽን መሪ አድርገው ኖሯል።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሻዬን ፉት አልኩ። እሳቸውም እንደ ንጹሕ ሰው ኩኪስ ጋበዙኝ። «እስቲ አሁን እንሞክረው» ተባባልን፤ ሁለታችንም የየራሳችንን ፕሌይ ተጫንን።

እግዚኦ! ሁለት መሪ ባለበት ቤት ምን እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ። የእሳቸው ማሽን ፈጥኖ ሳክስፎኑን ለቀቀው፤ የእኔው ዘግይቶ ተነስቶ እትዬ ብርቄን ከመንገድ ጀምሮ አመጣቸው። የመግቢያው ከበሮ ሲያበቃ እሳቸው እልል ይላሉ፣ ኪቦርዴ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ሲያልፍ እሳቸው ሙሽራዋን ገና ይጠራሉ። ሁለታችንም ተደናግጠን ስቶፕ ለመጫን ስንረባረብ አንዳችን የሌላውን እጅ ያዝን። የጓዳው በር ተከፈተ።

«ማን ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አሉ እትዬ ብርቄ፣ በዚያች ሻካራ ድምፃቸው።

«አንቺ ነሽ» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ማሽኖቹ ጸጥ አሉ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሳሮን ድምፁን የምትቀዳበት ላፕቶፕ ይዛ ከሥራ ገባች። ተራ በተራ ተናዘዝን። ማን መቼ መሪ፣ ማን መቼ ተከታይ እንዳደረገ ስንተርክ ሳሮን ዓይኗን ከአንዳችን ወደ ሌላችን እያንከራተተች ሰማችን።

«ዌይት። ለምንድነው ዝም ብላችሁ የማትነጋገሩት?»

«ተነጋግረናል እኮ፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ «ያጠፋን እሺ መባባላችን ነው።»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወርወር አድርገው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። «የኔ ድምፅ ያለበት የትኛው ነው?»

«የእኔ ማሽን ነው፣ እትዬ።»

«እሱ ይምራ። አንተ ደግሞ» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው፣ «የውጭ ቁጥጥርህን ኦን አድርግና ተከተል።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ተሰማ። ያ ሁሉ ፖለቲካ በአንድ እሺ አለቀ።

ሁለቱንም ቴፖች ወደ መጀመሪያ መለስኩ፤ ሳሮን ላፕቶፗን አዘጋጀች። እትዬ ብርቄ ራሳቸው የእኔን ማሽን ፕሌይ ተጫኑ። የጋሽ ተሰማ ማሽን መብራት አንዴ ብልጭ፣ አንዴ ድርግም አለችና ጸንታ ቆመች። ሁለቱ ቴፖች እኩል ተነሱ። መጀመሪያ ከበሮው፣ ከዚያ ኪቦርዴ፣ ከዚያ የሳሮን እናት።

እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! እኔ አብሬ የቀዳሁት ሰው ረስቼዋለሁ። ሳሮን እጇን አፏ ላይ ጭና እናቷን ታያለች፣ ማሽኑን ታያለች፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የጠፋባት ትመስላለች። «ዛትስ ዩ?» አለች። እትዬ ብርቄ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰዋል። እኔም አለቀስኩ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ሦስተኛው ስንኝ መግቢያ ደረሰ። ጋሽ ተሰማ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አሁን ስሙ! ቀድማ ስትገባ ስሙ!» እትዬ ብርቄም ጣታቸውን ቀሰሩ። «ቀድሞ አፌን ሲዘጋኝ ስሙ!»

ማንም አልገባም። ከበሮው ብቻ ድም ድም ይላል። ከዚያ በሁለቱ ማይክራፎኖች ውስጥ ሁለት ሹክሹክታ ተሰማ። «ግቢ።» «አንተ ግባ እንጂ።» «ኧረ ግቢ አልኩሽ!» በመጨረሻ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ዘው ብለው ገቡ።

የቀሰሩት ጣቶች ቀስ ብለው ወረዱ። ባልና ሚስቱ ተያዩ። መጀመሪያ የፈነዱት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቁ። ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አውልቀው ይስቃሉ፣ ያብሳሉ፣ ይስቃሉ። ያን ያህል ዘመን የተጨቃጨቁት ባልገቡበት ቦታ ነበር። ዘፈኑ አልቆ ካሴቱን ሳወጣ ቴፑ ማሽኑ ውስጥ ተጠምጥሞ፣ ተጎልጉሎ፣ ተበጥሶ ወጣ። ማሽኔ በላው። ደግነቱ የሳሮን ላፕቶፕ ላይ ገብቷል። ድምፁ ያን አንዴ ጠብቆን አረፈ።

«ያቺን ባዶ ቦታ በኮምፒውተር ቆርጬ አወጣልሻለሁ» አልኳት ሳሮንን።

«ዶንት ዩ ዴር! እንዳትነካት።»

የሰርጉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የማጫወቱ አደራ የተጣለው በእኔ ላይ ነው። የምቆጣጠረው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከአሥር ጊዜ በላይ አየሁት። ሙሽሮቹ በር ላይ ሲደርሱ ተጫንኩት። የእትዬ ብርቄ የልጅነት ድምፅ አዳራሹን ሞላው፣ ሳሮንም በእናቷ ድምፅ ገባች። ያወቋቸው አሮጊቶች «ብርቄ ናት! ብርቄ ናት!» እያሉ እልልታውን አቀለጡት። ጋሽ ተሰማ አጠገቤ ቆመው በጣታቸው የሌለ ሳክስፎን ይጫኑ ነበር።

ያቺ ቦታ ደረሰች። ከበሮው ብቻውን ቀረ። ሳሮን በአዳራሹ መካከል ቆመችና ወደ እናቷ ዞረች። ድምፅ ማጉያው «ግቢ» አለ።

እትዬ ብርቄ ከወንበራቸው ተነሱ። ቴፑ ላይ ያለችው ብርቄ «አንተ ግባ እንጂ» ሳትል፣ ሳክስፎኑም ሳይነሳ፣ በዚያች በሻከረች፣ በደከመች፣ ዛሬ ባለቻቸው ድምፅ ሦስተኛውን ስንኝ ጀመሩት። ዜማው ላይ አልደረሱም፤ ከሥሩ ሆነው ነው የዘፈኑት። ሳሮን ሮጣ አቀፈቻቸው። በዚያ አዳራሽ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም፤ ሙሽራው እንኳ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ያለቅስ ነበር።

ጋሽ ተሰማ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አየህ አይደል?» አሉኝ። «ቀድማ ገባች። አላልኩህም?»